ሳይዋሹ መሳሳት፦ የምስክር ትውስታና የጠያቂ ኃላፊነት

በሐሰት መመስከር በክርስትናም በእስልምናም ከከባድ ኃጢአቶች አንዱ ነው። ያላየውን አየሁ፣ ያየውን አላየሁም የሚል ሰው ሐሰተኛ መሆኑ አያከራክርም። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሳው ምስክሩ ምሎ፣ ከልቡ አምኖ የተናገረው ቃል ከሆነው ነገር ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ይህ ሰው አልዋሸም፤ እውነትም አልተናገረም። በቃሉ ምክንያት ንጹሕ ሰው ቢታሰር ጥፋቱ የማን ነው? ጥያቄው የሃይማኖትም የፍልስፍናም ነው። ይሁን እንጂ ትውስታ እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ መልስ አይገኝለትም።

ትውስታ ብዙ ጊዜ እንደ ጎተራ ይታሰባል፤ የገባው ሳይለወጥ ይቀመጣል፣ ሲፈለግም እንደገባ ይወጣል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ አፍርሰውታል። ባርትሌት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብበው ከቆይታ በኋላ እንዲደግሙት ጠየቁ። ተረቱ በየጊዜው እያጠረ ሄደ፤ ለአንባቢዎቹ እንግዳ የሆነው ነገር እየወጣ በሚያውቁት ተተካ። ማንም ሆን ብሎ አልለወጠውም። ማስታወስ ማለት ካለው ቁራጭ ተነስቶ ነገሩን እንደገና መሥራት ነው፤ የጎደለውን ደግሞ ልማድና ግምት ይሞሉታል።

ስህተት በሦስት ቦታ ይገባል፦ ሲታይ፣ ሲቆይና ሲነገር። ለምሳሌ በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ የአንድ ገበሬ በሬ ጠፋ እንበል። አንድ ጎረቤት ማታ ዓይን ሊይዝ ሲል ጋቢ የተከናነበ ሰው በሬ እየነዳ በውጫሌ መንገድ ሲሄድ ከሩቅ አይቷል። ያየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ዓይኑም ያረፈው በበሬው ላይ እንጂ በሰውየው ፊት ላይ አልነበረም። በማግሥቱ ቡና ላይ አንዱ «መቼም የእገሌ ልጅ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ጎረቤቱን ጠርተው «የእገሌ ልጅ በሬውን ሲነዳ ያየኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም የተጠየቀው ሰዓቱን ነውና ሰዓቱን ይመልሳል። ስሙ ግን ሳይጠየቅ አብሮ ገብቷል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስ በጎረቤቱ ትውስታ ውስጥ ከጋቢው ሥር የዚያ ልጅ ፊት ይታያል። ቡና ላይ የገመተው፣ የጠየቀውና የመሰከረው፣ ሦስቱም አልዋሹም።

የጥያቄ ኃይል በሙከራ ተለክቷል። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት 45 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አይተው የመኪኖቹን ፍጥነት እንዲገምቱ ተጠየቁ። መኪኖቹ «ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 66 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ «ሲነካኩ» የተባሉት ደግሞ 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ብለው ገመቱ። በሁለተኛው ሙከራ ተመልካቾቹ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ተጠየቁ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ሆኖም «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ «ሲመቱ» ከተባሉት 50 ሰዎች ግን እንዲህ ያሉት 7 ብቻ ነበሩ። የአንድ ግሥ ለውጥ ያልነበረን ነገር አሳየ።

ምስክሮች እርስ በርስ ሲያወሩም እንዲሁ ነው። ፊዮና ጋበርትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ጥንድ ጥንድ ተመልካቾች አንድን ድርጊት ከተለያየ አቅጣጫ በተቀረጸ ቪዲዮ አዩ፤ ያዩት ግን አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይመስላቸው ነበር። ከተወያዩት ሰዎች 71 በመቶ የሚሆኑት ከጓደኛቸው ብቻ የሰሙትን ነገር በዓይናቸው እንዳዩት አድርገው ተናገሩ። ስለዚህ አብረው ሲጫወቱ የቆዩ ሦስት ምስክሮች ቃላቸው ቢገጥም፣ ሦስት ምስክርነት ሳይሆን አንድ ምስክርነት ሦስት ጊዜ ተሰምቶ ሊሆን ይችላል።

የማኅበረሰብ ትውስታም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት ተክቶ ሲነግሥ ከጎኑ የቆመው አባት ማን ነበር? የሐይቅ እስጢፋኖስ ትውፊት አባ ኢየሱስ ሞዓን ይጠራል፤ የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው በሐይቅ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ታሪኩን የሚያወሱት ገድላት የተጻፉት ከድርጊቱ ብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራትም እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሥራቸው ትውፊቶቹን እያነጻጸሩ መርምረዋቸዋል። ከሁለቱ ገዳማት አንዱን ዋሾ ማለት ግን ነገሩን መሳት ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የሚወደውን አባት በታሪኩ መሐል አቁሞ አስታውሷል፤ ጎረቤቱም ከጋቢው ሥር የሰማውን ስም ያየው በዚሁ መንገድ ነው።

የቀደሙት ሃይማኖታዊ ሕግጋት የምስክርነትን ድካም ያውቁታል። በመጽሐፈ ሶስና ሁለት ሽማግሎች አንዲትን ንጹሕ ሴት በዝሙት ይከሷታል፤ ሕዝቡም ቃላቸውን አምኖ ይፈርድባታል። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ይጠይቃቸዋል። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ይጠራሉ፤ ሶስናም ትድናለች። ዳንኤል አዲስ ምስክር አላመጣም፤ የለወጠው አጠያየቁን ነው። በቁርኣን በሱረቱ አል-በቀራህ አንቀጽ 282 ላይ ደግሞ የዘገየ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክሮች እንዲቆሙበት ታዟል። በምስክርነት ሁለት ሴቶች ሲጠሩ አንዷ ብትስት ሌላዋ እንድታስታውሳት ነው ይላል፤ ጸሐፊውና ምስክሩም እንዳይጎዱ ይከለክላል።

ዳንኤል ምስክሮችን ይለያል፤ የዕዳው ሕግ አንዷ ሌላዋን እንድታስታውስ ይፈቅዳል። ሁለቱ አይጣሉም። ለውል የተጠራ ምስክር ምን ማስታወስ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል፤ የተጻፈ ወረቀትም አለው። ወንጀል ያየ ሰው ግን ድንገት የደረሰበት ነው፤ ከእሱ ትውስታ በቀር ማመሳከሪያ የለም። ያንን ትውስታ ሌላ ሰው ከነካው ወደ ቀድሞው የሚመልሰው የለም።

ከሁሉም ይልቅ ለመነሻው ጥያቄ የሚቀርበው በእስልምና የሐዲስን፣ ማለትም የነቢዩን ቃልና ተግባር ዘገባዎች፣ የሚመረምሩ ሊቃውንት ዘዴ ነው። ሊቃውንቱ የዘጋቢውን ታማኝነትና የማስታወስ ብቃቱን ለየብቻ ይመዝናሉ። ሃይማኖቱና ጠባዩ የተመሰገነ ሰው የማስታወስ ድካም ካለበት ዘገባው ደካማ ይባላል። ይህ ሰውየውን ማዋረድ አይደለም፤ ቅንነትና ትክክለኛነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መቀበል ነው።

ሌላው መድኃኒት ጽሕፈት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው ወንጌል ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቅ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ይቆጠራል። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የነበሩት ሹማምንት ስም ይጻፋል፣ የሚለውጠውም ይገዘታል። ሰው ሲረሳ ብራናው እንዲመሰክር ማለት ነው። ሆኖም ጽሑፍም ብቻውን አይበቃም። በአምባሰል ምድር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ይላል፤ የጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ጸብ ያስነሳው ወረቀት መጥፋቱ አልነበረም፤ ሁለቱ ወገኖች ያኖሩት ቃል አንድ አለመሆኑ ነው።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ይቆያል። ሥርዓቱ የሀገሬውን ዕውቀት ያሰባስባል፤ ድካሙ ግን በሥነ ልቦና ዓይን ግልጽ ነው። ስም ካልወጣ ወደ ቤቱ የማይመለስ ሕዝብ ወሬንና ዕይታን የመለየት ትዕግሥት ያንሰዋል። በደቡብ ወሎ የአበጋር ሽምግልና ዓላማው ከዚህ ይለያል፤ ደም የተቃቡ ወገኖችን፣ ክርስቲያንም ይሁኑ ሙስሊም፣ ማስታረቅ ነው። ዕርቅ የእያንዳንዱን ደቂቃ ትክክለኛነት ላይጠይቅ ይችላል፤ ቅጣት ግን ይጠይቃል።

የ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ምስክሩን ያቀረበው ወገን በዋናው ጥያቄ ላይ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ እንዳያቀርብ ይከለክላል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ግን ይፈቀዳል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ችሎቱን ነው። የበሬው ምስክር ትውስታ የተለወጠው ችሎት ከመድረሱ በፊት፣ ቡና ላይና ሽማግሌዎች ፊት ነበር። ስለዚህ ወሳኙ የመጀመሪያው ጠያቂ ነው።

አሜሪካውያኑ ሮናልድ ፊሸርና ኤድዋርድ ጋይዝልማን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት የአጠያየቅ ስልት ከዚህ ይነሳል። ምስክሩ በመጀመሪያ በልቡ ወደ ቦታው ይመለሳል፦ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ብርሃኑ እንዴት እንደነበር፣ ምን ድምፅ እንደሰማ። ከዚያ ጥቃቅን የሚመስለውን ሳያስቀር፣ ሳይቋረጥ ይናገራል። ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ወይም ከሌላ ሰው እይታ እንዲያወራም ይጋበዛል። ዝርዝር ጥያቄ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አባ፣ አይቸኩሉ፤ ጊዜ አለን። ያን ማታ ከየት ይመጡ ነበር? ያዩትን እንዳዩት ይንገሩኝ። እኔ በቦታው አልነበርኩም። ያላስተዋሉት ካለ አላየሁም ማለትም መልስ ነው።» የመጨረሻው ቃል ታላቅን ማክበር በጸናበት አገር ልዩ ክብደት አለው። ልጅ ወይም ወጣት በታላቅ ፊት «አላውቅም» ማለት ይከብደዋል፤ ጥያቄው ሲደገምበት የመጀመሪያው መልሱ የተጠላ መስሎት ይለውጠዋል።

የምስክሩ እርግጠኝነትም መጠበቅ አለበት። ጌሪ ዌልስና ኤሚ ብራድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ የተሳሳተ ሰው የለዩ ምስክሮች «ትክክለኛውን ተጠርጣሪ ለይተሃል» ሲባሉ ከመጀመሪያውም እርግጠኞች እንደነበሩ፣ በደንብም አይተውት እንደነበር ተናገሩ። አንድ የሙገሳ ቃል ያለፈውን ጥርጣሬ እንኳ ደመሰሰው። ስለዚህ ምስክሩ በመጀመሪያው ቃሉ ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበር በራሱ አነጋገር ሊጻፍ ይገባል።

እንግዲህ ሳይዋሽ የተሳሳተ ምስክር ሐሰተኛ አይባልም፤ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ግን በዚህ አያበቃም። ምስክሩ ያየውን ከሰማው፣ የሰማውን ከገመተው የመለየት ዕዳ አለበት። ጠያቂው በሌላው አፍ ስም ያለማኖር ዕዳ አለበት፤ ያኖረ እንደሆነ የሐሰቱ ተካፋይ ነው፣ ሳያውቅ ቢያደርገውም መማር ይገባዋል። ፈራጁ ቅን ሰውን ከትክክለኛ ቃል ጋር ያለማምታታት ዕዳ አለበት። መሐላ ልብን ሊያነጻ ይችላል፤ ድንግዝግዙን ግን ብርሃን አያደርገውም። የበሬው ጎረቤት «በሬ ሲነዳ አይቻለሁ፤ ሰውየውን ግን አልለየሁትም» ቢል ምስክርነቱ ሙሉ ነው። ይህን እንዲል መፍቀድ የጠያቂው ድርሻ ነው።