ጨው የላሰ በግ

በፋሲካ ሰሞን በካራ የከብት ገበያ ስታልፉ ሆዱ የተነፋ በግ አይታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ አልደለበም፤ ጨው አልሰው ውኃ አጠጥተውታል። በጉ የሚሸጠው በዓይን እንጂ በሚዛን አይደለምና የተነፋ ሆድ ብር ያወጣል።

ማጉረስ ሁሉ ክፉ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን ለወራት በእጁ እያጎረሰ ያደልባል፤ የሚሸጠውም ሥጋ ነው። ፈረንሳይ ግን ዝይን በቱቦ እየጋቱ ጉበቱን ያሳብጣሉ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን ሥራ ከለከለ፤ ፈረንሳይ በ2006 ቅርሴ ነው ብላ በሕግ አጸናችው።

በሻጩ ላይ መፍረድ ይቀላል። የመኖና የመኪና ከፍሏል፤ በዓሉ ካለፈ ዋጋ ይወርዳል። ጎረቤቱ ጨው ካላሰ የእርሱ ጤነኛ በግ ከሲታ ይመስላል። (እኔም ላት ዳስሼ፣ ከሲታ ነው ብዬ አልፌ አውቃለሁ።)

ምሳሌ 12፥10ን ስናጠና አንድ ወጣት፣ «ጨዉን የማስልሰው እኔ ነኝ፤ አባቴን እምቢ ልበል?» አለኝ። በአክብሮት እምቢ በል አልሁት። «የጎደለውን ብርስ ማን ይሞላል?» ሲል ዝም አልሁ። በሳምንቱ ቡድናችን የበዓሉን በግ ከእነርሱ ቤት፣ ጨው ሳይልስ፣ ዋጋ ሳንከራከር ልንገዛ ተስማማን። አባትየው ገና እሺ አላሉም።