ሁለት ትልም

ከቦርከና ሜዳ ከፍ ብሎ፣ በሐርቡ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ አንድ ገበሬ ነበር እንበል። ሁለት በሬ፣ ሦስት ልጆችና ነገር የማታበዛ ሚስት ነበሩት። ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ማሽላ እየዘራ ነበር፤ ዘሩን ሳይጨርስ ሄደ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ተማረ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ተጫነ። የካቲት 26 ቀን 1970 በካራማራ ድል ሲደረግ በሕይወት ካሉት አንዱ ሆነ። ወደ ቤቱ ግን አልተመለሰም። ብዙው ሚሊሺያ ከዚያ በኋላ ወደ ኤርትራ ግንባር ስለተላከ እሱም አብሮ ወጣ።

አልፎ አልፎ ከሚስቱ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። የሚጽፍላት አንድ የሰፈር ተማሪ ነው፤ ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን።» በ1977፣ ወሎ በረሃብ ባለቀበት ዓመት እንኳ ይኸው ተጻፈ።

በ1978 እግሩን ቆስሎ ገባ። በማግስቱ ማሳውን ሲዞር የድንበሩ ድንጋይ ሁለት ትልም ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘው። ከድንጋዩ ወዲያ የጎረቤቱ ማሽላ ቆሟል።

አገር ስጠብቅ ቤቴን ተዘረፍኩ አለ። ገበያ መሀል «ወሰን ገፊ!» ብሎ ሰደበው። በገበሬ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ጎረቤቱ አልመለሰለትም፤ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ።

ዋርካው ሥር ዱዓ ተደርጎ ቡና ተፈላ። ሽማግሌዎቹ ጎረቤቱን «ድንጋዩን በእጄ አልነካሁም ብለህ ቁርአን ይዘህ ማል» አሉት።

«አልምልም» አለ።

«እንግዲያስ ነክተኸዋል?»

ዝም አለ። ማንም ሰው ጥፋተኛነቱን አልተጠራጠረም። ትልሙን መልስ፣ የበላኸውንም እህል ካስ ተባለ። «እሺ» አለ። ዘማቹ ደረቱን ነፋ፤ ይህችንም ከካራማራ ቀጥላ ያለች ድል አድርጎ ሳይቆጥራት አልቀረም።

ሚስቱ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠች።

«ድንጋዩን የገፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «አንደኛው በሬ በድርቁ ሞተ፣ ሁለተኛውን ለእህል ሸጥኩት። የዘማች ቤተሰብ መሬት የገበሬ ማኅበሩ ያርሳል ተብሎ ነበር፤ ማኅበርተኛው ራሱ በምን በሬ ይረስ? ዝናብ ሲመጣ እኒህ ሰውዬ ከራሳቸው ማሳ በፊት የእኛን አረሱ። ምን ልክፈል ብላቸው ሳቁ። የሚሊሺያ ሚስት በምጽዋት ትኖራለች ከምባል ብዬ ሌሊት ወጥቼ ድንጋዩን ወደ እኛ ገፋሁት። ጠዋት አይተው መለሱት። ደግሜ ገፋሁት፤ ደግመው መለሱት። በሦስተኛው ተዉኝ።»

ሰውዬው መማል ያልቻለው ለዚህ ነበር። ድንጋዩን በእጁ ነክቶታል፤ የነካው ግን ወደ ቦታው ሊመልሰው ነው። እውነቱን እንዳይናገርም የ1967ቱ አዋጅ መሬት መሸጥ መለወጥ ከልክሏል፣ ሴትየዋ በሕግ ትያዛለች። ከሕጉ ይልቅ ደግሞ ወሬው ያስፈራል፤ ባሏ ዘመቻ የሄደ ሴት ከጎረቤት ጋር በስውር ተዋዋለች ከተባለ ወሬው የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ዘማቹ ትልሙን አልወስድም አለ። ጎረቤቱም አላርሰውም አለ። መሬቱ ዓመት ሙሉ ጦም አደረ። በሁለተኛው ክረምት ሴትየዋ ዱባ ተከለችበት፤ ሐረጉ ወደ ሁለቱም ማሳ ተሳበ፣ ፍሬውንም በየማሳው የደረሰለት ወሰደ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ሰሚው ብዙ ጊዜ የጎረቤቱን ትዕግሥት ያነሳል፤ ይገባዋልም። እኔን የያዘችኝ ግን በጨለማ ድንጋይ የምትገፋው ሴት ናት። ዘመቻን የምንተርከው ከክተት እስከ ድል ወይም እስከ ሽንፈት ነው፤ የእርሻ ወቅት ግን ክተትን አይጠብቅም። የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928፣ በበልጉ መሀል ነው። የ1969ኙ ጥሪ በማሽላ ዘር ላይ ወደቀ። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ በዚሁ በሐርቡ መንገድ ሲወርድ ማሽላው ለአጨዳ እየተቃረበ ነበር። በየጊዜው የዘመተው ገበሬ ስንት እንደሆነ ለማወቅ የሚጥር አይጠፋም። ማሳው በማን በሬ እንደታረሰ፣ ማን እንዳረመው፣ ሚስቲቱ ለዚህ ምን እንደከፈለች ግን በዘማች መዝገብ አይገኝም። ዘማቹ ራሱ እንኳ «ደህና ነን» የሚለውን ደብዳቤ አምኖ ዓመታት ኖሯል፤ በዚህ አልፈርድበትም፣ ባያምነው ኖሮ በምሽግ ውስጥ እንዴት ያድራል?

በአማራ ክልል ለገበሬው የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም ከነፎቶግራፋቸው ይይዛል፤ የየማሳውን አዋሳኞችም በአቅጣጫ ይጽፋል። የአንድን ገበሬ ዘማች ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው ሜዳሊያውን ከማየቱ በፊት ያንን ደብተር ይግለጥ። መጀመሪያ ሚስቲቱን ይጠይቅ፤ ከዚያ በሰሜን በኩል የሚያዋስነው ማን እንደሆነ አይቶ ወደዚያ ቤት ይሂድ።