የተቀመጠና የታወቀ

ሰው ያነበበውን ሁሉ በልቡናው ሊይዝ ስለማይቻለው፣ ወዳጆቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚያካፍሉት የሊንክ ብዛት መካከል የሚበጀውን ለይቶ የሚያኖርበት መዝገብ ቢሻ የሚነቀፍ አይደለም። «ናዝል» የተባለው መሣሪያ፣ በትዊተር የምንከተላቸው ሰዎች አብዝተው ያካፈሉትን ጽሑፍ አስቀድሞ ያሳየን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘጋ። በ2007 ተጀምሮ ኋላ ሞዚላ የገዛው «ፖኬት»ም፣ በኋላ ይነበባል ተብሎ የተከማቸውን ሁሉ ተሸክሞ ከኖረ በኋላ በ2025 አገልግሎቱን አቆመ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የመዝገቡ ኃላፊ ጠፊ መሆን ሳይሆን፣ ማስቀመጥን እንደ ማወቅ መቁጠራችን ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ 10ኛ ክፍል ትዝታን እንደ ሰፊ አዳራሽ አድርጎ ሲመረምር፣ በዚያ አዳራሽ የምትመላለሰው ነፍስ ራሷ ነበረች፤ የእኛ ግምጃ ቤት ግን ባለቤቱ ሳይገባበት ይሞላል።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ያስቀመጥኋቸውን መልእክቶች ወደ ኋላ እየገለጥሁ ስመለከት፣ ሐዘን ላይ ሳለሁ እኅቴ የላከችልኝን የአንድ ስብከት ሊንክ አገኘሁ፤ ከሥሩም «ለማታ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ብነካው ገጹ የለም፤ የስብከቱ ርእስ እንኳ ትዝ አላለኝም። የቆሎ ተማሪ ግን ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን ቃል በየመንገዱ እየቀጸለ በልቡናው ስለሚያሳድረው፣ ያ ቃል አብሮት ይራባል፣ አብሮት ብርዱን ያሳልፋል።

ለእኅቴ ደወልሁላት፤ ስብከቱን ከነምሳሌው፣ ሰባኪው ዝም ያለበትን ስፍራ እንኳ ሳትዘነጋ፣ በቃሏ ነገረችኝ።