የሻገተ ምጽዋት

ለጾም ጓዳህን ስትፈትሽ የሻገተ ለውዝና እርጥበት የነካው በርበሬ አገኘህ እንበል። ለልጆችህ አታቀርበውም። «እህል መጣልማ ነውር ነው፤ ለነዳያን ይሰጥ» ትል ይሆናል። እስቲ ቆም በል!

እንዲህ ያለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ብትቆላው ወይም ብትቀቅለው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ብታስፈጨውም ሻጋታው ከዓይን ይሰወራል እንጂ መርዙ የትም አይሄድ። ለላም ብትሰጠውም በወተቷ ይመለስብሃል።

ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ሲበላው ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በደጀ ሰላም ከተቀመጡት ጎልማሶች ብዙዎቹ አላገኙትም።

«ከረሃብ አይሻልም ወይ?» ትለኛለህ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግን የሚጠይቀው የተራበው ሳይሆን አንተ ነህ፣ ያውም ደህናው ሽሮ ከጎንህ ተቀምጦ! ጉበቱ የሚታመመው ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማንም አይከስህም፤ እሱም አያስታውስህ። እንግዲህ ወገኔ፣ ከደህናው አንድ ጣሳ ስፈርለት፤ የሻገተውን ቅበረው።