«ተሠርታለች» ብለን ነበር



አንድ ሰው ሌሎችን በሚነካ ጉዳይ ላይ ጥርጣሬ ቢያድርበት፥ ያን ጥርጣሬ ለራሱ ብቻ ይዞ ሊቆይ የሚችለው እስከ ምን ድረስ ነው? ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል። እኛ ግን ያገኘነው በመጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን፥ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ፥ ከአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ሞተር አጠገብ ተንበርክከን ነው። እኛ ስንል የአንድ እናት ልጆች የሆንን ሁለት ወንድማማቾች ማለታችን ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ በአንድነት የምናቀርበው ጥፋቱ የጋራችን ስለ ነበረ ነው።

መኪናይቱን የገዙአት አባታችን ሲሆኑ ዘመኑም 1960 ዓ.ም. ነበር። በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻይቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ግን አሮጌዎቹ ቮልሶች ዛሬም ይታያሉ። አባታችን ካረፉ ወዲህ በከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ እንጂ ለሩቅ ጉዞ አንነሣባትም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ለመስቀል በዓል ግን እናታችን ወደ ተወለዱበት ወደ እምድብር አካባቢ ለመሄድ ተመኙ። መስቀል ለጉራጌ ቤተሰብ ምን እንደ ሆነ ለአንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ በከተማ ሲደክም የከረመው ሁሉ ወደ አገሩ የሚገባበት፥ ቅቤው ተጠራቅሞ፥ ቤቱ ታድሶ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። እናታችን የዳሌ ሕመም ስላለባቸው የአውቶቡስ ደረጃና ግፊያ አይችሉም። ስለዚህ በአባታችን መኪና ሁለታችንና እናታችን፥ እንዲሁም የታላቃችን ሁለት ሕፃናት ልጆች እንድንሄድ ተወሰነ። የልጆቹ እናት ነርስ ስለ ሆነች በበዓሉ ሰሞን ተረኛ ነበረች፤ ልጆቿን ለእኛ አደራ ሰጥታ በሥራዋ ልትቆይ ተስማማች።

የሞተሩን ነገር ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንድንናገር ይፈቀድልን፤ ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ላይ ነውና። የቮልስዋገን ሞተር በስተኋላ የተቀመጠ፥ አራት ሲሊንደር ያለው፥ በውኃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው። በቆዩት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በነፋሱ መተላለፊያ ውስጥ በሦስተኛው ሲሊንደር አቅጣጫ ስለ ቆመ፥ ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው ነፋስ ቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ወደ ራሱ መተላለፊያ አዛውሮታል፤ የእኛይቱ ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ስለዚህ እነዚህን መኪኖች የሚያውቅ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚመለከተው የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ መካከል የወረቀት ውፍረት የሚያህል ክፍተት፥ ይኸውም እንደ ሞዴሉ 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር፥ ሊኖር ይገባል። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ጆሮ ይሰማዋል፥ ባለቤቱም ይሠጋል። ሲጠብ ግን ድምፁ ይጠፋል። ብዙዎቻችን ይህን ዝምታ ጤና አድርገን እንቆጥረዋለን። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ክፍተት ያጣ ቫልቭ በመቀመጫው ላይ በሚገባ ስለማይከደን ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት አያገኝም፤ እየጋለ፥ እየተሳበ፥ በመጨረሻም ራሱ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1500 ጊዜ ይከፈታል። በሦስት ሰዓት ጉዞ 270,000 ጊዜ ማለት ነው። ከነዚህ ሁሉ አንዲቱ ብቻ ብትሳሳት፥ ከኋላችን የጭነት መኪና እየተከተለን፥ ሞተሩ በድንገት ይቆማል።

መካኒካችን ዕድሜ የጠገቡ፥ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። በሐምሌ ወር ዘይት ሲቀይሩልን ሳለ ቫልቮቹን ከመስቀል በፊት እንድናስለካ መክረውን ነበር። እኛ ግን ክረምቱ ይለፍ፥ ገንዘብም ይገኝ እያልን እስከ መስከረም 9 አቆየነው። በዚያ ቀን ክፍተቱን አስተካክለው፥ ጥቂት ቀን ከነዳናት በኋላ እንድንመለስ አዘዙን። መስከረም 13 ስንመለስ ሌሎቹ ሰባት ቫልቮች በቦታቸው ነበሩ፤ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ግን መለኪያዋን ምላጭ እንኳ አላስገባ አለ። እርሳቸውም፦ «ወይ ቫልቩ እየተሳበ ነው፥ ወይ መቀመጫው ሰምጧል፥ ወይም እኔው ባለፈው መቆለፊያውን በሚገባ አላጠበቅሁት ይሆናል። ቴስታታው ሳይወርድ አላውቅም» አሉን። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቅናቸው። ሞተሩ መውረድ፥ ቫልቩም መፈለግ ስላለበት ከሦስት ቀን እንደማያንስ ነገሩን። መነሻችን መስከረም 15 ነበረ።

ክፍተቱን እንደ ገና እንዲያስተካክሉልን ለመንናቸው፤ አስተካከሉት። ቤት ስንደርስ እናታችን በር ላይ ተቀምጠው፦ «ልጆቼ፥ ተሠራች?» አሉን። «ተሠርታለች» አልናቸው። ሁለታችንም በአንድ ቃል ነበር የመለስነው።

ይህ ቃል ውሸት ነበርን? በዚያች ሌሊት ለራሳችን አልነበረም አልን። በእርግጥ አንድ ነገር ተሠርቶባታልና። ከመካከላችን ታናሹ በቁምስናው ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራል፤ ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያስረዳ ከቃሉ ይልቅ ሰሚው ምን ተረድቶ እንደ ሄደ መጠየቅ እንደሚገባ ለልጆቹ ይነግራቸው ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ የሞራል ሊቃውንት፥ ሰው ግማሹን አረፍተ ነገር በአፉ ተናግሮ ግማሹን በልቡ ቢያስቀር ውሸታም አይባልም እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሴንት 11ኛም ይህን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1679 አውግዘውታል። እኛም በልባችን «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል አስቀርተን ነበር።

እጃችን ግን ከአፋችን ይልቅ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ሳንነጋገር አንዳችን የመጎተቻ ገመድ ገዛን፥ ሌላችን ወልቂጤ ያለ ዘመዳችን ፒክ አፑን ይዞ በዚያ ቀን ከቤቱ እንዳይርቅ በስልክ ለመንን። የልጆቹ እናት ማታ ከሥራ ተመልሳ ዕቃ ሲጫን ገመዱን አየች። «ይህ ለምንድን ነው?» አለች። ዝም አልን። ደግማ ስትጠይቅ ሁሉን ነገርናት። አልጮኸችም፤ የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልወጣም፦ «ለአንድ ትርፍ አንጀት እንኳ በሽተኛው አደጋው ተነግሮት ነው የሚፈርመው። እናንተ ፍርሃቱን ለራሳችሁ አስቀርታችሁ አደጋውን ለልጆቼ ሰጣችኋቸው።»

የእንግሊዝ አገር የሒሳብ ሊቅ የነበረው ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው አንድ ድርሰት ውስጥ ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ይተርካል። ሰውየው መርከቡ እንዳረጀች፥ መታደስም እንደሚገባት ያውቃል፤ ነገር ግን ወጪውን እየፈራ፥ ከዚህ በፊት ስንት ማዕበል አልፋለች፥ ስደተኞቹንም የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለያቸውም እያለ ጥርጣሬውን ከልቡ ያጠፋና ይሸኛታል። መርከቢቱ ትሰጥማለች፤ እርሱም የመድን ገንዘቡን ይቀበላል። ክሊፎርድ ይህ ሰው በደለኛ ነው ካለ በኋላ፥ መርከቢቱ በደኅና ብትደርስም ኖሮ በደሉ በጥቂቱ እንኳ አይቀንስም ይላል። ጸሐፊው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1870 ከሲሲሊ አጠገብ ከመርከብ አደጋ የተረፈ ሰው ነበረና ስለማያውቀው ነገር አልጻፈም። በሃይማኖት ረገድ ከእኛ የራቀ ቢሆንም በዚህ ነገር እውነቱን ነው እንላለን። በእግዚአብሔር መታመን፥ ልናየው የምንችለውን ላለማየት መጋረጃ አድርገን ከተጠቀምንበት፥ መታመን መሆኑ ይቀራል። እኛም በዚያ ሰሞን «እርሱ ያደርሰናል» የሚለውን ቃል ከወትሮው አብዝተን ነበር፤ ሞተሩ ጤነኛ በነበረበት ዘመን ይህን ያህል አንለውም ነበር።

ይሁን እንጂ የመርከቡ ባለቤትና እኛ በአንድ ነገር እንለያያለን። እርሱ ጥርጣሬውን አጥፍቶ መርከቡ ደኅና መሆኗን ከልቡ አምኗል፤ ክሊፎርድም የሚወቅሰው እንዲህ የማመን መብት እንደሌለው ነው። እኛ ግን አላመንንም። ጥርጣሬያችን ሙሉ ነበር፤ ገመድ አስገዝቶናል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የተበላሸው እምነታችን ሳይሆን ድርሻ ነው። ጥርጣሬ፥ አደጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ ታይቶ፥ ለዚያ ሰው ሊደርሰው የሚገባ ነገር ነው ብለን ዛሬ እናስባለን፤ የእርሱ ገንዘብ ነውና። ከዚህ ሐሳብ ጋር የማይስማሙ አንባብያን እንዳሉ እንገምታለን። ሁሉን ስጋት ለቤተሰብ የሚዘረግፍ አባት ቤቱን በፍርሃት ይሞላል፥ የቤት ራስ ከባዱን ለብቻው መሸከም አለበት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አባታችንም እንዲህ ነበሩ፤ የደርግ ዘመን ጭንቀታቸውን አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። ነገር ግን አባታችን የያዙት፥ ብናውቀው ኖሮ አንዳች ልናደርግበት የማንችለውን ነበር። የእኛው ምሥጢር ግን በአንድ ቃል ሊለወጥ የሚችል ጉዞ ነው።

ይህም በዚያች ሌሊት ታየ። እናታችንን ቀስቅሰን ስንነግራቸው አልተቈጡም። ጥቂት አሰቡና፦ «እኔ ከሰማንያ አልፌአለሁ፥ ልሂድባት፤ ልጆቹ ግን አይሄዱባትም» አሉ። እኛ ያልለየነውን ነገር በአንድ አፍታ ለዩት። ለራሱ የሚወስን ሰው አውቆ ሊደፍር ይችላል፤ ለራሱ ሊወስን በማይችል ልጅ ላይ ግን ማንም አይደፍርም። እናታችንም ቢሆኑ «ተሠርታለች» በተባሉ ጊዜ አልደፈሩም ነበር፤ ተታለው ነበር እንጂ። በመጨረሻ ታናሻችን ሕፃናቱን ይዞ በመስከረም 15 ማለዳ በአውቶቡስ ሄደ፤ ታላቃችን ከእናታችን ጋር ቀርቶ መኪናይቱን ወደ ጋራዡ መለሰ።

የቮልስዋገን ሞተር ከመኪናው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ነው፤ እነርሱ ሲፈቱ በሥር በኩል ይወርዳል። ቴስታታው በተነሣ ጊዜ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ከራሱ በታች አንገቱ ቀጥኖ ታየ፤ ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን ሲያኖሩት ልዩነቱ ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነበር። ታላቃችን «እምድብር ሳንደርስ ይቆረጥ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። መካኒኩ ቫልቩን በጨርቅ እየጠረጉ፦ «ዛሬም ሊቆረጥ ይችል ነበር፥ ከዓመትም በኋላ። ይህን አላውቅም» አሉት። እንዲህ ያለ መልስ በፊት ቢሰጠን የሥራ ማነስ ይመስለን ነበር፤ አሁን ግን ከጋራዡ ሁሉ የታመነው ቃል ይህ እንደ ነበረ ገብቶናል።

አዲስ ቫልቭ ተፈልጎ፥ ሞተሩ ተገጥሞ፥ በከተማ ውስጥ ተሞክሮ እናታችን የተነሡት መስከረም 18 ነው። በቱሉ ቦሎና በወሊሶ በኩል አልፈው፥ ወልቂጤ ላይ ሞተሩን አሳርፈው፥ ከቀትር በኋላ ደረሱ። ዋናው ቀን አልፎ ነበር። የእናታችን ታላቅ እኅት ገበታውን ያለ እርሳቸው መርቀዋል፤ የተቀመጠላቸውም ክትፎ የሦስተኛ ቀን ነበር። ልጆቹ ግን ሮጠው ወጡና አያታቸውን ከመኪናይቱ አወረዱ።

እናታችን ስለ «ተሠርታለች» አንድ ቀን እንኳ አንሥተውብን አያውቁም። እስከ ዛሬ የሚያነሡት ሌላ ነው፤ የመስቀል ወሬ በተነሣ ቁጥር፦ «ሰውየው በሐምሌ ነግረዋችሁ አልነበረምን? በነሐሴ ብታስከፍቷት ኖሮ እኅቴ ገበታ ላይ እደርስ ነበር» ይሉናል። መልስ የለንም።