የአሰብ መንገድ ያስተማረው

እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ ወደባችን ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሳ ፊያት ከነተሳቢው የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ይወርድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርት ይወልቃል። ከዚያ ጀውሃ፣ አጣዬ፣ ከሚሴ እያለ ወደ ኮምቦልቻና ባቲ። ሹፌሩ ቁልቁለቱን እንደጨረሰ ወርዶ ጎማውን በእጁ ይዳስሳል፣ ፍሬኑ ግሎ እንደሆነ ያሸታል። ሽንቱ ሲያቃጥለው ግን ለረዳቱም አይነግርም።

ኤች አይ ቪ በአገራችን መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። በአሥር ዓመቱ ማብቂያ በዋና ዋና የንግድ መንገዶች ላይ በተደረገ ጥናት ከረጅም መንገድ ሹፌሮች 13 በመቶው፣ በየከተማው በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩት ሴቶች ደግሞ 17 በመቶው ቫይረሱ ተገኘባቸው። ያኔ ሹፌር ሁሉ በሽታ አመላላሽ ተባለ። እሱም ሕመምተኛ መሆኑን፣ መታከም እንዳለበት ያሰበለት ግን ጥቂት ነው። የያኔው የፀረ ኤድስ ዘመቻ ትልቁ ጉድለት ይሄ ይመስለኛል፤ የሚወቀስ ሰው ይደበቃላ!

የተደበቀው ደግሞ ወደ መርፌ ወጊ ወይም ከሱቅ ወደሚገዛ ካፕሱል ይሄዳል። ቂጥኝ እዚህ ላይ ነው የሚያታልለው። የመጀመሪያው ቁስል አያምም፤ ምንም ሳይደረግለት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርቃል። ሰውየው ካፕሱሉን ያመሰግናል፣ በሽታው ግን ከደሙ አልወጣም፤ ዓመታት ቆይቶ ልብና አንጎል ላይ ይደርሳል። ቁስሉ ክፍት ሳለ ደግሞ ለኤች አይ ቪ በር ነው። ጨብጥም በግማሽ መድኃኒት ሲታፈን ወደ ዘር ፍሬ ዘልቆ ቱቦውን ሊደፍን ይችላል። ልጅ አልወለድ ሲል ግን ጸበልና ሐኪም ቤት የምትንከራተተው ሚስት ናት፤ ባል አይመረመርም።

እ.ኤ.አ. በ1990 «ሕይወት ትረስት» ኮንዶም ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። አደጋው ግን አላበቃም፤ ዛሬም መኪናው በጀውሃ ያልፋል፤ ለማሾ ሥራ ወደ ቆላው የሚወርደው ወጣትም ብዙ ነው።

ወንድሜ፣ ሽንትህ ካቃጠለህ፣ ፈሳሽ ካየህ፣ ባያምም እንኳ ቁስል ከወጣብህ፣ በመንገድህ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ግባና ተመርመር። መድኃኒቱን ጨርስ። የትዳር ጓደኛህም አብራህ ትታከም፤ አለዚያ በሽታውን እርስ በርስ መልሳችሁ ታስተላልፋላችሁ።