ደንብ ሲለወጥ አደራስ ይለወጣልን?

ለሕፃናት፣ ለወጣቶችና ለችግረኛ ቤተሰቦች የቆሙ ማኅበራት አሠራራቸውን ሲለውጡ ማየት በዘመናችን የተለመደ ሆኗል። አንዱ ስሙንና ዓላማውን ያሻሽላል፤ ሁለተኛው ከሌላ ማኅበር ጋር ይዋሐዳል፤ ሦስተኛው ለብዙ ዓመታት ያስተዳደረውን የሕፃናት ማሳደጊያ ዘግቶ ልጆቹን ወደ ዘመድ ይመልሳል። በስብሰባ ላይ ነገሩ የሚነገረው በመዋቅር፣ በበጀትና በሠራተኛ ድልድል ቋንቋ ነው። በማሳደጊያው ግቢ ውስጥ ያለው ልጅ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ ደኅና እደር የሚለኝ ማን ነው?» ይላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ የልጁን ጥያቄ ነው። አንድ ማኅበር መልኩን ሲለውጥ፣ በቀድሞ መልኩ ሳለ የገባው ቃል ምን ይሆናል? ከቀድሞው ደንብ ጋር አብሮ ይሻራልን?

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር። አደራ ከውል የተለየ ነገር ነው። ውል አቅም ያላቸው ሁለት ወገኖች ተነጋግረው የሚፈራረሙት ነው፤ አንዱ ቢያፈርስ ሌላው ይከሳል፤ ካሣም ይጠይቃል። አደራ ግን መክሰስ የማይችለው በእጃችን የሚቀመጥበት ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለች እናት ልጇን ለጎረቤቷ አደራ ስትል ወረቀት አትጽፍም፤ እማኝም አትቆጥርም። ምስክር ስለሌለውና ባለ አደራው በፈቃዱ ብቻ ስለሚታሰር፣ አደራ ከውል ይልቅ የጠበቀ ነው። ለሕፃናት የተቋቋመ ማኅበርም መተዳደሪያ ደንቡን የሚያስመዘግበው በመንግሥት ዘንድ ቢሆንም፣ በልጁ ዘንድ የተመዘገበው ግን አደራው ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረኃብ እናትና አባታቸውን ያጡ ወይም በስደቱ ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆች እጅግ ብዙ ነበሩ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጣሪያ፣ ምግብና መድኃኒት ነበር፤ ዘመድ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ በየቦታው የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተቋቋሙ። በዚያው ጊዜ ከተመሠረቱት አንዱ ዛሬ ኢየሩሳሌም የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ተብሎ የሚታወቀው አገር በቀል ድርጅት ነው። ሥራውን የጀመረው ወላጅ አልባ ልጆችን በማሳደጊያ ሰብስቦ በመጠበቅ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን መንገዱን መርምሮ ልጆቹን ከዘመድና ከኅብረተሰብ ጋር ወደ ማዋሐድ፣ ልጅ የሚያድግበትን ቤተሰብና ሠፈር ወደ ማጠናከርም ዞረ። የለውጡን ባሕርይ ከስሙ እንኳ መረዳት ይቻላል፤ «ማሳደጊያ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ማኅበረሰብ» የሚለው ገብቷል።

እንዲህ ያለ ለውጥ ለምን አስፈለገ? ልጆቹ በአጥር ውስጥ በልተው፣ ለብሰውና ተምረው አደጉ። ሆኖም በ18 ዓመታቸው ከበሩ ሲወጡ ገበያ ወርዶ መከራከር፣ ለቅሶ መድረስ፣ የዘመድን ስም ቆጥሮ ራስን ማስተዋወቅ የማያውቁ ብዙዎች ሆኑ። በአገራችን ሰው የሚታወቀው በማን ልጅነቱ ነው፤ «የማሳደጊያ ልጅ» የሚለው መጠሪያ ግን ዘር አይቆጥርም። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ይህን ያጠናክራሉ። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 136 ጨቅላ ሕፃናትን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የተወሰዱት በአእምሮም ሆነ በሰው ፍቅር ረገድ በማሳደጊያ ከቀሩት የተሻለ ማደጋቸውን፣ በተለይም በለጋ ዕድሜያቸው የተወሰዱት ይበልጥ መጠቀማቸውን አሳይተዋል። የአገራችን መንግሥትም በ2001 ዓ.ም. ባወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ፣ ልጅን በማሳደጊያ ማስቀመጥ ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ የሚደረግ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ወስኗል።

ይሁን እንጂ ለማሳደጊያው የሚከራከሩትን ወገኖች በችኮላ ማለፍ አይገባም። እነርሱ እንዲህ ይላሉ፤ «ልጁን ወደ አጎቱ መለስነው። አጎቱ ግን የራሱን አምስት ልጆች ማብላት አቅቶታል። በማሳደጊያው ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረው ልጅ አሁን አንድ ጊዜ ይበላል፤ ትምህርቱን ትቶ ከብት ይጠብቃል። የአባቱም መሬት በሌላ ተይዟል። ይህ ነው ወይ ቤተሰብ?» ይህ ከባድ ክርክር ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው ተረት ልጅ በወገኑ መካከል መኖር እንዳለበት ያስተምር ይሆናል፤ ነገር ግን አመዱ ላይ የሚተኛውን ልጅ አያበላውም። ደግሞም ለዓመታት በከተማ ያደገ ልጅ የዘመዶቹን ቋንቋ እንኳ ረስቶ ሊሆን ይችላል። በስም ወገኑ ወደሆነ፣ በኑሮ ግን ባዳው ወደሆነ ቤት መሄዱ ነው።

ስለዚህ በእኛ እምነት ጥያቄው «ማሳደጊያ ወይስ ቤተሰብ?» በሚል ብቻ አይፈታም። አደራው የተሰጠው ለግንቡ አይደለም፤ ስለዚህ ግንቡን መዝጋት በራሱ አደራን ማፍረስ አይሆንም። በሩ ላይ ስማችን ስለ ተጻፈ ብቻ አሮጌውን አሠራር ሙጥኝ ብንል፣ የምንጠብቀው ስማችንን እንጂ ልጁን አይደለም። በሌላ በኩል ግን ባለ አደራ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጦ አይሄድም። የተቀባዩ እጅ ተዘርግቶ በርግጥ እስኪይዝ ድረስ የሰጪው እጅ አይለቅም። በሁለቱ እጆች መካከል ልጁ የሚወድቅበት ክፍተት ካለ፣ የለውጡ ዕቅድ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አደራ ተበልቷል እንላለን።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለውጡ ከየት ተነሣ የሚለው ነው። ማኅበራት ሁልጊዜ በራሳቸው አስተውሎት አይለወጡም። አንዳንድ ጊዜ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ማኅበራት በሕፃናት መብት ሥራ እንዳይሰማሩ በከለከለ ጊዜ፣ በዚህ መስክ የነበሩ ብዙዎች ዓላማቸውን በሌላ ቃል መጻፍ ወይም ወደ አገልግሎት ሥራ ብቻ መዞር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቶ ክልከላው ሲነሣ ደግሞ እንደ ገና ደንብ ማሻሻል መጣ። ሌላ ጊዜ የሚያስገድደው የረጂው ኪስ ነው፤ ረጂው ዘንድሮ ስለ ወጣቶች ሥራ ፈጠራ ካሰበ፣ አምና ስለ ሕፃናት ይሠራ የነበረው ማኅበር ዘንድሮ ስለ ወጣቶች ይናገራል። ሕግን ማክበር ግዴታ ነው፤ ገንዘብ ከሌለም ሥራ የለም። ነገር ግን በእነዚህ ምክንያቶች የተለወጠ ማኅበር «ለልጆቹ ብለን ነው» ቢል ሐሰት ይሆንበታል። የግድ የተደረገውን ግድ ነበር ማለት ይበልጥ ያስከብራል።

ከውስጥ ለሚነሣ ለውጥ ግን ከዕድር የተሻለ አስተማሪ የለንም። ዕድር በመሠረቱ የቀብር ማኅበር ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ሁሉ ለለቅሶ የተገዛ ነው። የኤድስ በሽታ በየሠፈሩ እናትና አባትን በቀጠፈበት ዘመን ግን ብዙ የዕድር አባላት ራሳቸውን ጠየቁ። ሬሳውን በክብር ቀብረን፣ የሬሳውን ልጆች በባዶ ቤት ትተን እንመለሳለን ወይ አሉ። አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ተከራክረው ደንባቸውን አሻሻሉ፤ ለሕመምተኛ ገና በሕይወቱ ሳለ መርዳትን፣ ለቀሩትም ልጆች ደብተርና ምግብ ማቅረብን በሥራቸው ላይ ጨመሩ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዕድሩ የቀድሞ አደራውን አልጣለም፤ ድንኳኑ ዛሬም ይተከላል። ለወገን በመከራው ቀን መድረስ የሚለውን የድሮ ቃሉን እስከ መጨረሻው ስለ ተከተለው ነው የተለወጠው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ለሚያነብ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንም። በመጀመሪያይቱ የኢየሩሳሌም ማኅበር ውስጥ የዕለት ምግብ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች መበለቶች ተዘነጉ፤ ማጉረምረምም ሆነ። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን ዝም አላሰኙም፤ ማኅበሩን ሁሉ ጠርተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ሥራውንም ከፈሉ። የሰባቱ ስሞች ሁሉ የግሪክ ስሞች ናቸው፤ እድላው የተሰጠው ቅሬታው ከተነሣበት ወገን ጋር ቋንቋውን ለሚጋሩ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ መልካም የአሠራር ለውጥ የተጎዳውን ድምፅ በመስማት ይጀምራል፤ የተጎዳውንም ወገን በሥራው ውስጥ ያስገባል ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረውን በሦስት ነጥብ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ ለልጁ እውነቱ በጊዜው ይነገረው፤ ሐሳቡም ይጠየቅ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቁት፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ ይደነግጋል። ልጅ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ የሚነገረው ነገር ምክር አይባልም። ሁለተኛ፣ ሰው ከሰው ጋር ይገናኝ። ልጁ የሚያውቀው ፊትን እንጂ መዋቅርን አይደለም። ለ8 ዓመት ያጠበችውንና ያስተኛችውን ሞግዚት በደብዳቤ ማሰናበት ለጽሕፈት ቤቱ የሠራተኛ ቅነሳ ነው፤ ለልጁ ግን ሁለተኛ እናቱን መቅበር ነው። እርሷ ራሷ እጁን ይዛ ወደ አዲሱ ቤት ታድርሰው፤ ተመልሳም ትጠይቀው። ወንድምና እኅትም በተቻለ መጠን አይለያዩ። ሦስተኛ፣ ከማሳደጊያው መዘጋት የተረፈው ገንዘብ ልጁን ይከተል። ቤተሰብ ይቀበል ካልን ቤተሰቡ የሚቀበልበት አቅም፣ የትምህርት ወጪውም ሆነ ለእርሻ የሚሆነው በሬ፣ አብሮ ይሂድ፤ የሚከታተል ሰውም ለዓመታት ይመደብ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 በጻፉት መልእክታቸው፣ ታናሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ ሊነጥቀው እንደማይገባ አስተምረዋል። ቤተሰብ ከማኅበራት ሁሉ ታናሹ ነው፤ ልጅ ማሳደግም የእርሱ ነው። ነገር ግን ይኸው ትምህርት ታላቁ ታናሹን እንዲረዳ ያዛል። ረድኤቱን ቆርጦ «ኃላፊነቱን ለቤተሰብ መለስን» ማለት ትምህርቱን ግማሹን ብቻ ማንበብ ነው።

ገንዘቡ በእውነት ያለቀ እንደ ሆነስ? ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ኃጢአት አይሆንም። ያን ጊዜም ቢሆን ልጁ ሊነፈገው የማይገባ ነገር አለ፤ እርሱም እውነት፣ በቂ ጊዜና የሚሸኘው ሰው ነው። ምናልባት ስሕተቱ የተሠራው በመዝጊያው ቀን ሳይሆን በመክፈቻው ቀን ሊሆን ይችላል፤ ሪባን ስንቆርጥ ልንፈጽመው የማንችለውን ቃል ገብተን ይሆናል።

የቁምስና ምክር ቤት አባላት፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የዕድር ዳኞች ሁላችሁ፣ በአጠገባችሁ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲታሰብ ትጠሩ ይሆናል። ብዙ ወረቀት ይቀርብላችኋል፤ በጥንቃቄ አንብቡት። ከዚያም የአንድ ልጅ ስም ጥሩና ጠይቁ፦ ይህ ልጅ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በማን ቤት ያድራል? ያ ሰው ያውቀዋልን? ከስድስት ወር በኋላስ ሊጠይቀው የሚሄደው ማን ነው? መልሱ በሰው ስም ከተመለሰላችሁ ውሳኔውን ደግፉ። መልሱ በክፍልና በመምሪያ ስም ብቻ ከሆነ ግን፣ ተቀባዩ ገና እጁን አልዘረጋምና እንዲቆዩ በትሕትና ለምኑ።